እህቴ አዲስ ድስት ገዝታ ጠበቀችኝ፤ እኔ ግን ሳልቀምስ ተመለስኩ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ደሴ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ታላቅ እህቴ ከስድስት ዓመት በፊት ሙስሊም አግብታ እሷም ሰለመች፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ላይ ብዙም አልከበደኝም ነበር። እኔ ራሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን መቅረብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እሷ ቤት በሄድኩ ቁጥር እምነቴን የከዳሁ ይመስለኛል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ለማፍጠሪያ ጠራችኝ። ለእኔ ብላ አዲስ ድስት ገዝታ የጾም ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ሳልቀምስ ተመለስኩ። ውሸቴን እንደሆነ ገብቷታል። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ አንነጋገርም። ወሬ የምታመላልሰው እናታችን ናት። እግዚአብሔርንም እህቴንም ሳላጣ መኖር እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ይህን ቃል ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋልና እኔም በእሱ ልጀምር።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው ድስቱ ላይ ነው። እስኪ ያን ቀን አስቢው። እህትሽ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ውላለች። ባሏና ቤተሰቧ የሚያፈጥሩበትን ታዘጋጃለች። በዚያ ሁሉ ድካም መሃል ለአንቺ ለብቻው፣ ሥጋና ቅቤ ባልነካው ዕቃ ታበስላለች። «የአንቺን ጾም እኔም እጠብቅልሻለሁ» ማለቷ ነው። የሃይማኖቶች ውይይት ሲባል ሼኮቹና ቀሳውስቱ አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩት ብቻ ይመስለናል። እሱም ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ግን ውይይቱ ይህን ይመስላል። እሷ ጀምራዋለች፤ መልሱ ካንቺ ነው የቀረው።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ያን ቀን ጉሮሮሽን የዘጋው ጥላቻ አይመስለኝም፤ ሐዘን ነው። ፓውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር መልኩ ያልለየ ማጣት ብለው ያጠኑት ነገር አለ። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ግን የድሮው ሰው አይደለም። ለቅሶ አይቀመጡለት፣ ድንኳን አይጣልለት። አንቺም ከእህትሽ ጋር አንድ ላይ ታቦት የምትሸኙበትን፣ አንድ ላይ ጾም የምትፈቱበትን ጊዜ አጥተሻል። ይህን ያጣሽው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ የተሰማሽ ግን እምነትሽ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ እሷ ቤት ስትገቢ የሚሰማሽን ሁሉ «ኃጢአት ነው» ብለሽ አትፈርጂው። ግማሹ ናፍቆት ነው። አልቅሺለት።

ወሎ በፍቅር የሚኖርበት አገር ነው እንላለን፤ እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ ቀላል እንደነበረ አድርገን ካወራን አንቺን የመሰለ ሰው «የከበደኝ እኔን ብቻ ነው» ይላል። እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ብዙ ሰው በትእዛዝ ሃይማኖቱን እንዲቀይር ተደርጓል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በኋላ ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ይህን ስም ሁሌም እወደዋለሁ። አያቶቻችን ቁስሉንም ያውቁታል፣ አብሮ መቀመጡንም ያውቁበታል። ሥጋውን ለይተው፣ ቅሬውን (የቀብር ዕድሩን) አንድ አድርገው ኖረዋል። ቀብር ሲሆን መቃብር ቆፋሪው የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠየቅም።

እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ለጸሎት የምትነሣው በሱብሒ አዛን ነበር። ሰዓት አልነበረንም። አዛኑ ሲሰማ ነጠላዋን ትከናነብና ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች። ልጅ ሆኜ አይገርመኝም ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው ያሰብኩት፦ የጎረቤቶቿ ጸሎት የእሷን ጸሎት ቀሰቀሰው እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰባትም። አንቺ የፈራሽው መቀነሱን ነው። ጾምሽን ጨርሰሽ፣ ጸሎትሽን አድርሰሽ እህትሽ ቤት ብትቀመጪ ከእምነትሽ ምን ይጎድላል? የሚበላውንና የማይበላውን እኔ አልነግርሽም፤ ሥራዬ አይደለም። ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ጓደኞችሽን ሳይሆን እሳቸውን። አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ሸክም በሰው ወሬ እንሸከማለን።

አሁን ስለ እናትሽ። ሁለት ሰው ሲኳረፍ ሦስተኛ ሰው መሃል ገብቶ ውጥረቱን እንደሚሸከም መሬይ ቦወን የተባለ የቤተሰብ ሕክምና ሊቅ አስተምሯል። እናትሽ አሁን ያሉት እዚያ ነው። ሁለቱም የአብራካቸው ክፋይ ናቸው፤ የትኛዋን መርጠው ያድራሉ? ከዛሬ ጀምሮ «እማ፣ ለእሷ የምለውን ራሴ እነግራታለሁ» በያቸው። ይህች አንዷ ነገር ብቻ ብትሳካ እንኳ እንቅልፋቸው ይመለሳል።

ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ውረጂ። በስልክ አይሆንም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን ወርዶ መድረስ ነው። ስትደርሺ የሃይማኖት ክርክር እንዳትጀምሪ፤ «ለምን ሰለምሽ» አይባልም፤ «ተመለሽ»ም አይባልም፣ ቢያንስ ያን ቀን። ውሸቱን ብቻ ንገሪያት። «ሆዴን አላመመኝም ነበር። ፈርቼ ነው። ላጣሽ የምችል መሰለኝ።» እኔ እንደሚገባኝ እህትሽን ያቆሰላት አለመብላትሽ አይደለም። «እምነቴ ይከለክለኛል» ብትያት ታውቀው ነበር፤ እሷም የምትከለከለው አላት። የቆሰለችው እውነቱን ልትነግሪያት እንኳ ሰው አድርገሽ ስላልቆጠርሻት ነው።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ስትሄጂ፣ ልባችሁ ረጋ ሲል፣ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ስትሰግጂ ለማን ለማን ትለምኛለሽ? ዱዓዋ ውስጥ ስምሽ ሳይኖር አይቀርም። አንቺም በጸሎትሽ ስሟን ታነሺ እንደሆነ ንገሪያት። ካላነሣሽ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ።

ላትቀበልሽ ትችላለች። በመጀመሪያው ቀን ቡና አፍልታ ዝም ብላ ልታይሽ ትችላለች። ቡናውን ጠጪ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በረካው ሳይደርስ አትነሺ። እንግዲህ ስትወጪ፣ በሩ ላይ ስትሸኝሽ፣ ያ ድስት አሁንም አለ ወይ ብለሽ ጠይቂያት።