ክፍለ ከተማ ልግባ ወይስ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ልጠብቅ?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በማኅበራዊ ሥራ ተመርቀሽ ክፍለ ከተማ ሥራ አግኝተሻል፤ ቤተሰብሽ ግን «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እስኪያወጣ ጠብቂ» ይልሻል። አንቺ ደግሞ የብራዚሏን ፖለቲከኛ የሉዊዛ ኤሩንዲናን ስም ሰምተሽ፣ እርሳቸው ከየት ተነሥተው እዚያ እንደደረሱ ጠይቀሽኛል።

እኔ ግቢ እላለሁ። ምክንያቴንም በእርሳቸው ሕይወት ልንገርሽ፤ ሙያችሁ አንድ ነውና።

ኤሩንዲና በ1934 (ዘመኑን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በፓራይባ ግዛት ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ትምህርት እንዳይቋረጥባቸው ብለው አምስተኛ ክፍልን ደግመው ተምረዋል። በማኅበራዊ ሥራ ከተመረቁ በኋላ በ1971 ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄዱ፤ በከተማው አስተዳደር ተቀጥረውም ፋቬላ በሚባሉት የድሆች መንደሮች፣ እንደ እርሳቸው ከሰሜን ምሥራቅ ከፈለሱ ሰዎች ጋር ሠሩ። ቤተሰብሽ ዝቅ አድርጎ የሚያየው ሥራ ማለት ይህ ነው።

በ1982 የከተማ ምክር ቤት፣ በ1986 የግዛት ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በ1988 የቀድሞውን የከተማዋን ከንቲባ ፓውሎ ማሉፍን አሸንፈው የሳኦ ፓውሎ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ።

አሁን ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በ1990 አስተዳደራቸው የከተማ አውቶቡስ ያለ ክፍያ እንዲሆን፣ ወጪውም ከንብረት ግብር እንዲሸፈን ሐሳብ አቀረበ። ምክር ቤቱ አላጸደቀውም። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1993 በፌዴራል መንግሥት የአስተዳደር ኃላፊ ሆነው የቆዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ፓርቲያቸው ሹመቱን ተቃውሞ አግዷቸዋል። በኋላም አራት ጊዜ ለከንቲባነት ተወዳድረው አልተመረጡም። ከ1999 ጀምሮ ግን በፌዴራል ምክር ቤት ተቀመጡ፤ የአውቶቡሱን ጉዳይም አልረሱትም። ባቀረቡት ማሻሻያ በ2015 ትራንስፖርት በብራዚል ሕገ መንግሥት ከማኅበራዊ መብቶች ተርታ ገባ። ከተማ ውስጥ የወደቀው ሐሳብ፣ ባይሟላም፣ በሃያ አምስት ዓመቱ አገር አቀፍ ሕግ ውስጥ ቦታ አገኘ ማለት ነው። መንደር ለመንደር ተዘዋውሮ ያልሠራ ሰው ይህን ያህል ዘመን አንድ ጉዳይ ይዞ የሚዘልቅ አይመስለኝም።

እኔም የጀመርኩት በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ የጎደለው አንድ ፊርማ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የነገራቸው ግን አልነበረም። በማግስቱ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በእጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ስለ አሠራር የማውቀው ሁሉ ከዚያች ወረቀት ይጀምራል።

ስለዚህ ከገባሽ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጉዳይ ብቻ ያዢ፤ የአረጋውያን ድጋፍም ይሁን የቤት ጥያቄ። ደብተር ይኑርሽ፤ የባለጉዳዩን ስም ሳይሆን ጉዳዩ የት ቦታ እንደሚታሰር መዝግቢበት። ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስትወዳደሪ በቃለ መጠይቁ የምትናገሪው ከዚያ ይወጣል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ጠዋት ቢሮው ሄደሽ ከባለጉዳዮች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጪ። ማን ምን ጎድሎበት እንደሚመለስ አድምጪና ጻፊልኝ።