ቤዝ ለያዛችሁ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ በኋላ ዕቃ እየጫንን ሳለ አንድ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ከጊታር ወደ ቤዝ ልዞር አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። ስፒከር በአንድ በኩል ይዤ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ዙር» ብዬው ወደ መኪናው አለፍኩ። ልጁ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባው ነበር። ቤቴ ገብቼም ከነከነኝ። ስለዚህ ለእሱ ያልነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፍላችሁ።

ከ30 ዓመት በላይ ቤዝ፣ ያን ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ጊታር፣ ተጫውቻለሁ። በክለብ፣ በሰርግ፣ በትልልቅ መድረክ። ሰው ሲታመም በምትኩ እየተጠራሁም ብዙ ሠርቻለሁ። ደስታውንም መከራውንም አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ።

ሰው ቤዝን ሲያሞግስ «የሙዚቃው መሠረት ነው» ይላል። ለእኔ ይሄ አባባል ልክ አይመጣልኝም። መሠረት አንዴ ከተጣለ አይንቀሳቀስም። ቤዝ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ከላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚዞረው። ቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ ዶ፣ ሚ እና ሶልን አንድ ላይ ይዞ ይቆይ። እናንተ ከስር ዶን ምቱ። ደስ የሚል፣ የፈካ ድምፅ ነው። አሁን ኪቦርዱ ጣቱን ሳያነሳ እናንተ ወደ ላ ውረዱ። ያው ኮርድ በአንዴ ያዝናል፤ ማይነር ሆነ። ወደ ፋ ውረዱ፤ ሆድን ባር ባር የሚያሰኝ ሌላ ስሜት ይመጣል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ምንም አላደረገም። በአንድ ጣት ዘፈኑን ያዞራችሁት እናንተ ናችሁ። ታዳሚው ይሄን አያውቅም። የሆነ ነገር እንደተለወጠ ግን ልቡ ይነግረዋል።

ይሄ በደንብ የገባኝ አንድ ክፉ ምሽት ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጨፍራል። ያኔ የያዝኩት ቤዝ አክቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለው። ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ዝም ብሎ ሲሠራ ያድራል። እኔም በዋዜማው ከልምምድ በኋላ ሳልነቅለው ተኝቻለሁ። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ። ከዚያ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ጊታሩ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ድራሙ አለ፣ ድምፃዊዋም እየዘፈነች ነው። ፊት ለፊቴ ስትጨፍር የነበረች አንዲት ሴት ቆም አለችና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መብራት የተቀየረ ነው የመሰላት። ቀስ በቀስ ሌላውም እግሩ ከበደው። ወደ እኔ የዞረ አንድም ሰው የለም። ምን እንደጎደለ ማንም አላወቀም፤ መጉደሉን ግን የሁሉም እግር አውቆታል።

ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ባትሪ፣ ትርፍ ኬብል፣ አንድ ሙሉ ትርፍ ክር እና መቃኛ ሳይኖር ከቤት አልወጣም። ኬብሉንም ጨዋታው እንዳለቀ እነቅላለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ከዚህ ምሽት የቀረልኝ ሌላም ነገር አለ። ጭብጨባው የእናንተን ስም ይዞ አይመጣም። ይሄ አንዳንዱን ሰው ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ጀምስ ጀመርሰንን ፈልጋችሁ ስሙት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን ለሚባለው የሸክላ አሳታሚ ቤዝ ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ዓለም በሙሉ የጨፈረባቸውን ዘፈኖች የተጫወተው የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ እየተጠቀመ ነው። ሆኖም ለዓመታት ሸክላዎቹ ላይ ስሙ አልታተመም። እዚያ የተጫዋቾቹ ስም መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬ ቤዝ የሚማር ልጅ ሁሉ የእሱን መስመሮች ያጠናል። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያውቀው እንዲያ አሳምሮ መጫወቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል።

ስለ ሸክም ብዙ አላወራም። ከባድ ነው። ከድራመሩ ጋር አዳራሹን መጨረሻ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። ግን ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን ፕሪሲዥን ቤዝ ገበያ ላይ እስኪያወጣ ድረስ የባንድ ቤዝ ማለት ሰው የሚያክል ትልቅ ኮንትራባስ ነበር። ያን ተሸክመው መጥተውም ከጥሩምባው እና ከድራሙ ስር ድምፃቸው ይዋጥ ነበር። «ፕሪሲዥን» የሚለው ስም ራሱ «ትክክለኛነት» ማለት ነው፤ አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መስመሮች ስላሉት ጣት ሳይስት ኖታው ላይ ያርፋል። ሲደክመኝ እነዚያን ሰዎች አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤዝ ተጫዋች ትዳሩ ከድራመሩ ጋር ነው። ልምምድ ላይ ከድራሙ አጠገብ ቁሙ። በእግር የሚመታውን ኪክ በጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን በደረታችሁ ስሙት። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ኖታውን መቼ ልምታ ብሎ ነው። እኔ ይበልጥ እንድትጨነቁበት የምፈልገው መቼ እንደምትለቁት ነው። አንድ ቀላል ዘፈን ያዙና ስኔሩ፣ ድራመሩ በበትር የሚመታው ከበሮ፣ በሚመታበት ቅጽበት ኖታችሁን በግራ እጃችሁ አፍኑት። ስኔሩ በድንገት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዘፈኑም መተንፈስ ይጀምራል። ቀጥሎ ያንኑ ኖታ ስኔሩን አልፎ እንዲሄድ ልቀቁት። ዘፈኑ ይለሰልሳል፣ ይሰፋል። ምቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ዝምታው ነው። ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም፣ ስትለማመዱም አራቱንም ምት እንዲቆጥርላችሁ አትፍቀዱለት። ሁለተኛውን እና አራተኛውን ብቻ ይምታ። የቀረውን እናንተ ያዙት። መጀመሪያ ይጠፋባችኋል፣ አትናደዱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የእጃችሁ ጠባይ ይለወጣል።

መድረክ ላይ የምትሰሙትን ድምፅ ደግሞ ብዙ አትመኑት። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ያልፋል። ይሄ ሞገድ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ አንዱ ጥግ ላይ ይቆለላል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። እናንተ የቆማችሁበት ቦታ የጠፋበት ከሆነ አምፑን፣ የቤዙን ድምፅ ማጉያ፣ ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ጥርሱ ይንቀጠቀጣል። ረጅም ኬብል ያዙ። ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲሞከር፣ እየተጫወታችሁ ወርዳችሁ አዳራሹ መሃል ቁሙና አድምጡ። የድምፅ ባለሙያውንም በስሙ ጥሩት፣ አመስግኑት። ድምፃችሁ ያለው በእሱ እጅ ነው።

ድምፃዊ ደግሞ መድረክ ልትወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀር «ዛሬ ጉሮሮዬ ልክ አይደለም፣ አንድ ቶን ዝቅ እናድርገው» ሊላችሁ ይችላል። አይፈረድበትም፤ ጉሮሮ ሥጋ ነው። የቤዝ አራቱ ክሮች በእኩል ርቀት ስለተቃኙ የጣት ቅርጻችሁን እንዳለ ይዛችሁ ሁለት ፍሬት መንሸራተት ነው። የሚያጋልጣችሁ ባዶ ክር፣ ማለትም ጣት ሳይጫነው የሚመታ ክር፣ ነው፤ ባዶ ክር ከቦታው አይንሸራተትም። በሚ የነበረ ዘፈን ወደ ሬ ሲወርድማ ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ታችኛው ሬ ጭራሽ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ባዶ ክር ሳትነኩ መጫወትንም ልመዱ።

ስለ አካላችሁ የምነግራችሁን አደራ ስሙኝ። በ20ዎቹ ዕድሜዬ ቤዙን እስከ ጉልበቴ አውርጄ ነበር የምይዘው፤ ያምር ነበራ። እንደዚያ ሲወርድ የግራ እጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ታጥፎም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። አንድ ቀን ጠዋት የበር እጀታ ማዞር አቃተኝ። ጅማቱ ተቆጥቶ አራት ወር ሙሉ ክር አልነካሁም። ቤዙን ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ቆማችሁም ያዙት። ማንገቻውም ሰፊ ይሁን።

ጆሮ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም። የጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅን በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ይፈቅዳሉ። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ሲደርስ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ከሲምባል አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። የግራ ጆሮዬ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይጮኻል። ስተኛም ይጮኻል። የሙዚቀኛ የጆሮ መሰኪያ ከአዲስ የድምፅ መቀየሪያ ፔዳል በፊት ግዙ። እለምናችኋለሁ።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው። ማን ይከፍላል፣ መቼ፣ ስንት፤ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይኑራችሁ። አንድ አዘጋጅ እኛ የመጨረሻውን ዘፈን ስንጫወት በጓሮ በር ወጥቶ ሄዷል። ስልኩን አላነሳም። ወዳጅ ነው ብለን ወረቀት አልጠየቅነውም ነበር።

አንድ መልካም ዜና ልንገራችሁ። ለአንድ ባንድ አራት ጊታሪስት ሲጋፋ፣ ቤዝ ተጫዋች በፋኖስ ነው የሚፈለገው። ድሮም እንዲሁ ነበር። የእንግሊዙ ዝነኛ ባንድ የቢትልስ ቤዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1961 ባንዱን ሲለቅ፣ የባንዱ አባል ፖል ማካርትኒ ቤዙን ያነሳው ሌላ የሚያነሳው ስለጠፋ ነው። አሜሪካዊቷ ካሮል ኬይም ጊታሪስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ቀረጻ ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ሳይመጣ ቀረ፤ ቤዙን ለእሷ ሰጧት። ከዚያ በኋላ እጅግ ብዙ ቀረጻ ከሠሩ የዓለም ቤዝ ተጫዋቾች አንዷ ሆነች። ሰው ይሄን ታሪክ ስለ ዕድል ይተርከዋል። እኔ ሁሌ የማስበው ያልመጣውን ሰውዬ ነው።

ምክንያቱም እኔም አንድ ቀን ቀርቻለሁ።

ያኔ ከአንድ ድራመር ጋር አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሳንተያይ የምንግባባ ነበርን። ለአንድ ትንሽ ዝግጅት ሁለት ወር ተለማመድን። ዝግጅቱ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ስሙ የገነነ ባንድ ደወለልኝ። ቤዝ ተጫዋች ጎድሎባቸዋል፤ ክፍያው ሦስት እጥፍ ነው፤ ቀኑ ያው ቅዳሜ። ለልጆቹ «አሞኛል» አልኳቸው። እነሱ ያለ ቤዝ ወጡ። እኔ በትልቁ መድረክ ላይ ቆሜ ተጫወትኩ፤ በማግስቱም ፎቶው ወጣ።

ድራመሩ ሰኞ ደወለ። አልጮኸም። «ብትነግረኝ እኮ እለቅህ ነበር» አለኝና ዘጋው።

ትልቁ ባንድ ከሦስት ወር በኋላ የራሱን ሰው መልሶ እኔን ሸኘኝ። በዚያ አልተከፋሁም፤ ያ ሥራ የእሱ ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ከብዙ ጎበዝ ድራመሮች ጋር ሠርቻለሁ። ግን ኖታዬን በለቀቅኩ ቁጥር ያንን ስኔር እጠብቅ ነበር። እናንተ ብርቅ ስለሆናችሁ ስልካችሁ ከሌላው ይበልጥ ይደወላል። መጀመሪያ እሺ ላላችሁት ሰው ቁሙ። መቆም ካቃታችሁ እውነቱን ንገሩት።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሰው ምትክ ተጠርቼ አንድ አዳራሽ ስገባ መድረኩ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ኪኩን እያስተካከለ ነው። ጀርባውን አይቼ አወቅኩት። ፀጉሩ ሸብቷል። ተጨባበጥን። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ሦስተኛው ዘፈን በፋ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተሳስቷል» አለኝ። ቤዜን ሰካሁ።

ያን ቀን ታዳሚው ከ20 ሰው አይበልጥም ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ሁለታችንም በጥንቃቄ አለፍነው፤ እንደ እንግዳ። ሁለተኛው ቀስ ያለ ነው። ድሮ ቀስ ባለ ዘፈን ላይ ከምቱ ትንሽ ዘግየት የማለት ልማድ ነበረኝ። ሳላስበው እንደ ድሮው ዘገየሁ። ኪኩ እዚያው ጠበቀኝ።