የፊልምና የፖላሮይድ ካሜራ፦ ጥያቄና መልስ

የድሮ ፊልም ካሜራን ወይም ፎቶ ወዲያው የሚያወጣ ካሜራን የሚመለከት ጥያቄ ሁሉ ይቅረብ። የካሜራውንና የፊልሙን ስም፣ ያነሳችሁበትንም ቦታና ሰዓት ጻፉ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ በፖላሮይድ 600 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያነሳሁት ሁሉ ነጣ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው፤ ብርዱ ነው። ፖላሮይድ ፊልም በደንብ የሚሠራው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወርዳል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ፊልምም ሙቀት ይናፍቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፎቶው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ሥር ሊጥ የመሰለ ኬሚካል የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። ፎቶው ሲወጣ ሁለት ሮለሮች (ተሽከርካሪ ዘንጎች) ከረጢቷን ያፈነዷትና ሊጡን በምስሉ ላይ ይዳምጡታል። ሊጡ ከቀዘቀዘ ሥራው ይዘገያል፣ ቀለሞቹም እኩል አይወጡም። ስለዚህ ካሜራውን እስክታነሳ ድረስ ጋቢህ ሥር ያዘው። ፎቶው እንደወጣ ብርሃን ሳይመታው ደረት ኪስህ ወይም ብብትህ ሥር አስገባና 15 ደቂቃ አቆየው። አታርገብግበው፤ ማርገብገብ ከገበያ የቀረው፣ ሽፋኑ በእጅ የሚላጠው የድሮ ፊልም ልማድ ነው። የአሁኑ ታሽጎ ስለሚወጣ የሚደርቅ ነገር የለውም።

ኢንስታክስ (የፉጂፊልም ፎቶ ወዲያው የሚያወጣ ካሜራ) ብርድ ይችላል፣ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል። ደጋ ላይ ለሚኖር ጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ሸዋ ሮቢት ያለነውስ? የእኛ ወደ ቢጫ ያደላል።

መልስ፦ የእናንተ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ቢጫና ቀይ ይበዛል። ፎቶው እስኪወጣ ቀዝቃዛ ጥላ ፈልጉለት። ያልተከፈተውን ፊልም ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም) አስቀምጡና ከማንሳታችሁ 1 ሰዓት በፊት አውጡት። ቆሞ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ የተረሳ ፊልም ግን አይድንም።

ጥያቄ፦ በሁሉም ፎቶ ላይ እኩል የተራራቀ ነጠብጣብ ይታያል።

መልስ፦ ሮለሩ ላይ ሊጥ ደርቋል። ፊልሙ ሲያልቅ በሩን ክፈት፣ ሮለሮቹን በጣትህ እያሽከረከርህ እርጥብ ጨርቅ አሳርፍባቸው፣ ከዚያ አድርቅ። በየፓኩ መለወጫ መጥረግ ልማድ ይሁንህ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ አያቴ ቤት ሁለት ፖላሮይድ አገኘሁ። ፊልም ይገኝላቸዋል?

መልስ፦ ፎቶው በእጅ ተስቦ የሚወጣና የሚላጥ ከሆነ አይገኝም። የዚያ ዓይነት ፊልም የመጨረሻው ትልቅ አምራች ፉጂፊልም በ2016 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ለመደርደሪያ ይበቃል። ፎቶውን በሞተር ከፊት ለሚተፋው ግን በአብዛኛው ይገኛል። አይ-ታይፕ የሚባለውን ፊልም እንዳትገዢለት፤ ባትሪ የለውም፣ የድሮው ካሜራ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከፊልሙ ፓክ ነው። ኤስኤክስ-70 ከሆነ የራሱን ፊልም ግዢለት፤ የ600 ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ በ2 ስቶፕ ስለሚበልጥ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው) ፎቶውን ያነጣዋል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ዜኒት-ኢ የሚባል የድሮ ፊልም ካሜራ አለኝ። የብርሃን መለኪያው የሚታመን አይመስለኝም።

መልስ፦ መለኪያው ሴሌኒየም ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ያረጃል። ወደ ብርሃን አዙረህ በእጅህ ሸፍነው፣ ግለጠው፤ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል። ያለ እሱም ይሠራል፦ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 አድርግ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር (አይኤስኦ) ጋር አቀራርብ፤ ለ200 ፊልም 1/250 ማለት ነው። የጣርማ በር ጉም ውስጥ በዚያው ፍጥነት ኤፍ 5.6 ወይም 4።

መለኪያው ጤነኛ ቢሆንም ልብስ ያታልለዋል። ያየውን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፍሬሙን ከሞሉት ነጠላው አመድ መስሎ ይወጣል፤ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ጨምር። ጥቁር የመንዝ በርኖስ ከሆነ 1 ስቶፕ ቀንስ። ወይም በተመሳሳይ ብርሃን የእጅህን መዳፍ ለካና 1 ስቶፕ ጨምር፤ ይኼ የትም አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል? ሁለት ጊዜ ሞክሬ ስስ ሆኖ ወጣብኝ።

መልስ፦ ውኃህን በቴርሞሜትር ለክተኸዋል? ዲቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ከ13 ዲግሪ በታች ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። የደጋ ቧንቧ ውኃ ቀጥታ ከተጠቀምህ ስስ መውጣቱ አይገርምም። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርግና ጠርሙሶቹን ሁሉ፣ የማለቅለቂያውንም ጭምር፣ 20 ዲግሪ እስኪደርሱ ንከራቸው።

ለኢልፎርድ ኤችፒ5 ፊልም፣ አይዲ-11 በሚባለው ዲቨሎፐር ውኃ ሳይጨመርበት፦ ለአንድ ጥቅል 300 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 7 ደቂቃ ተኩል። በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሰከንድ ፊልሙ ያለበትን ታንክ ገልብጥ፣ ከዚያ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርገው። አፍስስ፣ በውኃ አለቅልቅ፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ጨምር። የፊክሰሩ ጊዜ ካሳሰበህ ቀድመህ ከፊልሙ ጫፍ የቆረጥከውን ቁራጭ ጣልበት፤ እስኪጠራ የፈጀው ጊዜ እጥፍ ይበቃል። ኔጋቲቩ ወተት የመሰለ ከሆነ አልተጠናቀቀም፣ መልሰህ ክተተው። ፊልሙን ስፑል (ታንኩ ውስጥ የሚገባው መጠምጠሚያ) ላይ ስትጠመጥም ቀይ መብራት እንኳ አይብራ፤ ድፍን ጨለማ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከውጭ ፊልም ሊያመጣልኝ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ኤክስሬይ ያበላሸዋል?

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ በእጅ እንዲፈተሽ ይጠይቅ። በጭነት ሻንጣ አይላክ፤ አዲሶቹ ሲቲ መፈተሻዎችም ፊልም ያቃጥላሉ።

ጥያቄ፦ የካሜራዬ የኋላ በር ዳር እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፤ ፎቶው ዳርም ብርቱካናማ ጭረት አለ።

መልስ፦ ብርሃን የሚዘጋው ስፖንጅ በስብሷል። አልኮል የነካ ጥጥ በስንጥር ላይ ጠቅልለህ ሙልጭ አድርገህ አውጣው፣ በቦይው ውስጥ ጥቁር የሱፍ ክር ለጥፍ። ካሜራው ውስጥ ያለውን መስተዋት ግን አትንካ፤ የሚያንጸባርቀው ቅብ ፊቱ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። አቧራውን በመንፊያ ብቻ አስወግድ።