መልስ፦ ልጆች የካርቶን ቤት ሲሠሩ ምን ይማራሉ?

«ልጄ በካርቶን ቤት ስትሠራ ትውላለች፤ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው ወይ?» ላልሽው፣ በጣም አለው እህቴ። የካርቶኑን ጠርዝ ቀረብ ብለሽ እዪው፤ በሁለት ወረቀቶች መሃል የተጣጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። እጥፋቶቹ ወደ ላይ ከቆሙ ግድግዳው ክብደት ይሸከማል፤ ከተጋደሙ ቶሎ ይጎብጣል። ልጅቷ ይህን የምታውቀው ጣሪያው ሲወድቅባት ነው። ያኔ «ለምን ወደቀ?» ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በዪ፤ ሮጠሽ አታስተካክዪላት። እኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ግድግዳው ከተወላገደባት ጥጉ ላይ ሰያፍ ቁራጭ ትለጥፍ፤ ሦስት ማዕዘን ሲፈጠር ይጸናላታል። ከጓደኛ ጋር ስትሠራ ደግሞ መስኮቱ የት ይሁን ብላ ትከራከራለች፣ ትስማማለች። በምላጭ የሚቆረጠውን ግን አንቺ ቁረጪላት፤ የት እንደሚቆረጥ እሷ በእርሳስ ታስምር።