መልስ፦ 64ቱ የወርቁ መጠን አይደለም

ሰላም የለገጣፎው ወንድሜ። «የጃንሆይን የ100 ብር ወርቅ ሳንቲም ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ሊሸጡልኝ ነው። ላዩ ላይ ፒኤፍ 64 ካሜኦ ይላል። ወርቁ 64 በመቶ ነው ማለት ነው? ከማሸጊያው አውጥቼ ወርቅ ቤት ላስፈትነው?» ብለሃል።

በፍጹም እንዳታወጣው! ወርቅ ቤት ድንጋይ ላይ ይፈትጉታል። አንዲት ጭረት ደረጃውን ታወርደዋለች። መወልወልም ያው ነው።

64 የይዞታ ነጥብ ነው፣ ማለትም ሳንቲሙ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ የሚያሳይ፤ ጣሪያው 70። ፒኤፍ ደግሞ ፕሩፍ ማለት ነው። ፕሩፍ ሳንቲም ለሰብሳቢ ተብሎ በተወለወለ ማተሚያ ከአንዴ በላይ ተመትቶ የሚሠራ ነው። ካሜኦ የሚባለው ደግሞ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ዙሪያው እንደ መስታወት ሲያበራ ነው። ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰለህ!

ይህ ሳንቲም የንጉሡን 75ኛ ልደትና 50ኛ የአገዛዝ ዘመን ለማሰብ በ1966 እ.ኤ.አ. ከወጡት አምስት የወርቅ ሳንቲሞች አንዱ ነው። ክብደቱ 40 ግራም፣ ጥራቱ ከ1000 900 ነው። ስለዚህ 36 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። መጀመሪያ የዚህን የዕለት ዋጋ አስላ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅህ ለይዞታው ነው፤ እሱን ተከራከር።

አንድ ነገር ልብ በል። ሳንቲም መርምረው ደረጃ ሰጥተው የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ፤ ፒኤፍ ብሎ የሚጽፈው ኤንጂሲ የሚባለው ነው፤ ፒሲጂኤስ የሚባለው ፒአር ነው የሚለው። ሻጩ «የፒሲጂኤስ ነው» ካለህ ጠርጥር። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገባ። ፎቶ ካለው ከእጅህ ካለው ጋር ጭረት በጭረት አስተያይ፤ የሐሰት ማሸጊያ እውነተኛ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ይህን ሳታደርግ ቀብድም አትስጥ።