የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጋዝ ሲከፈት የሚነጥቅ ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ የ2014 ሞዴል ያማሃ ኤፍዜድ-09 እነዳለሁ። በሰፊ መንገድ ላይ ምንም እንከን አላይበትም። ከተማ ውስጥ ግን በሁለተኛ ማርሽ ጋዙን ዘግቼ ቆይቼ በጥቂቱ ስከፍተው ወደ ፊት ይነጥቀኛል፤ መታጠፊያ ላይ ሲሆንማ ያስፈራል። ጓደኞቼ «ማፑን አስቀይር» ይሉኛል። ለመሆኑ ማፕ ምንድን ነው? ቢቀየርስ አነዳዱን በእርግጥ ይለውጠዋል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ማፕ የሚባለው በሞተር ሳይክሉ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። በአንዱ ጎን ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ በሌላው ጎን ጋዙ የተከፈተበት መጠን ይሰፍራል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቤንዚን መርጫው ለስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ የሚወስን ቁጥር አለ። ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ካንዴላው ስንት ዲግሪ ቀድሞ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስን ሌላ ሰንጠረዥም አለ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በየ40 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ያለች ትንሽ ጉድለት ሳትውል ሳታድር እጅዎ ላይ ትሰማለች።

የእርስዎ ችግር ያለው ብዙ በሚወራለት የፈረስ ጉልበት በኩል ሳይሆን ጋዙ እምብዛም በማይከፈትበት በሰንጠረዡ የታችኛው ጥግ ላይ ነው። በጉዞ ላይ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የኋላ ጎማውን ይይዘዋል እንጂ አይገፋውም። በስሱ መልሰው ሲከፍቱት ቤንዚኑ በድንገት ስለሚመለስ መያዙ ወደ መግፋት ይለወጣል፤ ላልቶ የነበረው የካቴናው የላይኛው ወገንም በቅጽበት ይወጠራል። ንጥቂያ ብለው የገለጹልን የእነዚህ ድምር ነው።

በእርስዎ ሞዴል ላይ ሦስተኛ ምክንያት ይጨመራል። የሚያዞሩት የጋዝ መያዣ የአየር ማስገቢያውን በር በቀጥታ አይከፍተውም፤ ኮምፒዩተሩ የእጅዎን እንቅስቃሴ አንብቦ በሩን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይከፍተዋል። ስለዚህ የእጅዎን እንቅስቃሴ ከበሩ አከፋፈት ጋር የሚያገናኝ ሌላ ማፕ አለ ማለት ነው። «ኤ»፣ «ስታንዳርድ» እና «ቢ» የተባሉት ምርጫዎች በዋናነት የሚለውጡት ይህንኑ ነው። በ«ኤ» ያችው ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ በሩን በፍጥነት ትከፍተዋለች፤ በ«ቢ» ደግሞ ቀስ ብሎ ይከፈታል። በእኛ ግምት «ኤ» ለከተማ መንገድ የሚሆን ምርጫ አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የካቴናውን ልልነት በመመሪያው ደብተር ልክ ያስተካክሉ፤ የጋዝ ሽቦው ትርፍ ጨዋታ እንዳይኖረውም ያስደርጉ፤ ከዚያ በ«ቢ» ነድተው ይሞክሩት። ንጥቂያው ካልቀነሰ ማፑን ማስተካከል ትርጉም አለው። ነገር ግን ባለሙያውን የሚጠይቁት ስለ ከፍተኛው ጉልበት ሳይሆን ጋዙ ከዜሮ እስከ አንድ አምስተኛ ያህል ሲከፈት ስለሚሆነው ነገር ይሁን። በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የጉልበት መለኪያ ወረቀቶች ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የተለኩ ናቸው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ መንገዶች ላይ እንደዚያ የሚነዳ ሰው ከሰንጠረዡ ይልቅ ከፖሊስ ጋር ነው ጉዳዩ። በዝግታ ጉዞ ላይ የኦክስጅን መለኪያው ድብልቁን ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ወደሚለው ልክ ስለሚመልሰው፣ ቤንዚን የመጨመር ሥራ ብቻ ብዙም አይረዳም፤ ለውጥ የሚያመጣው የቤንዚን ማቋረጡንና የበሩን አከፋፈት ማለስለስ ነው። የአሜሪካ የአየር ንጽህና ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን ማበላሸት እንደሚከለክልም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌ ካርቡሬተር ያለው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ወዲህ ጉልበት አጥቷል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። የእሱም ማፕ ይስተካከላል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቤንዚንን ያለ ኮምፒዩተር ከአየር ጋር የሚያደባልቀው የካርቡሬተር ማፑ ጂግለሩ፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ አየሩ በግልጽ ሳስቷል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ሞተር ይህን አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ የጂግለሩ ቀዳዳ ግን ያው ስለሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ ካልተሻለው በአንድ ደረጃ ያነሰ ዋና ጂግለር ያስገጥሙ። ጭሱና መታፈኑ ይቀንሳል፤ በከፍታው ምክንያት የሚጠፋው 15 በመቶ ያህል ጉልበት ግን በጂግለር አይመለስም፤ ዳገት ላይ ማርሽ ቀደም ብሎ መቀነስ ግድ ነው። የወጣውን ጂግለር አይጣሉት፤ ወደ ድሬዳዋ ሲመለሱ ካልገባ ቤንዚኑ አንሶ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል።