ጥያቄና መልስ፦ የሶልሻየር ነገር

ኖርዌያዊው አጥቂ ሶልሻየር በማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ማሊያ ስንት ጎል አገባ?

126፣ በ366 ጨዋታ። 28ቱን ተቀይሮ ገብቶ ነው።

አንድ የሊቨርፑል ደጋፊ ረጅም ደብዳቤ ልኮልኛል። ባጭሩ፣ ሶልሻየር ዕድለኛ እንጂ አጥቂ አልነበረም፤ የደከመ ተከላካይ ላይ ማግባት ማንም ይችላል ባይ ነው።

ወንድሜ፣ የ1999ኙ ቁስል እንዳልሻረልህ ገብቶኛል። በዚያ ዓመት ጥር ወር (በፈረንጆቹ ነው የማወራህ) ባለቀ ሰዓት አግብቶ ከኤፍኤ ካፕ ያሰናበታችሁ እሱ ነው። ግን ዕድል ስንቴ ይመጣል? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ በ72ኛው ደቂቃ ገብቶ አራት አገባ። ጨዋታው 8 ለ 1 አለቀ። ግንቦት ላይ ደግሞ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ባርሴሎና ካምፕ ኑ ስታዲየም። ባየርን ሙኒክ በባስለር ቅጣት ምት ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ እየመራ ነው። ሶልሻየር በ81ኛው ደቂቃ ኮልን ተክቶ ገባ። በባከነ ሰዓት ሸሪንግሃም አቻ አደረገ። ወዲያው ሌላ ኮርና ተገኘ። ቤካም አሻማ፣ ሸሪንግሃም በግንባሩ ገጨ፣ ሶልሻየር ቀኝ እግሩን ሰደድ አደረገ፤ ኳሷ መረቡ ጣሪያ ላይ!

ሰውየው ቤንች ላይ የሚቀመጠው ሊያሞቀው አልነበረም። የተጋጣሚን ተከላካዮች እያጠና ነበር። ተቀያሪን እንደ ትርፍ ሰው የሚያይ ሰው ያናድደኛል። በ1998 ክረምት ቶተንሃም ሊገዛው ከዩናይትድ ጋር ተስማምቶ ነበር። እዚያ ቢሄድ ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል። እሱ ግን አልሄድም አለ። እኔ ብሆን እሄድ ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው።

አሰልጣኝነቱስ?

የአገሩን ክለብ ሞልደን በ2011 እና በ2012 የኖርዌይ ሻምፒዮን አድርጓል። ዩናይትድን ይዞ ግን ዋንጫ አላነሳም። ስለ ታክቲኩ ባለሙያ ጠይቁ፤ ታክሲ ውስጥ ሞልተዋል።

ጉልበቱ የሚያብጥ አንድ ወጣት፣ "ሶልሻየርም ተጎድቶ ተመልሷል፤ ቅዳሜ ግጥሚያ አለን፣ በፋሻ አስሬ ልግባ?" ይላል።

አትግባ! ሶልሻየር በ2003 ከግሪኩ ፓናቲናይኮስ ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና፣ መመለስ፣ እንደገና መቅረት ነበር ኑሮው። በ2006/07 ተመልሶ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፣ ነሐሴ 2007 በ34 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ይህ ሁሉ የክለቡ ሐኪሞች ዙሪያውን ከበውት ነው። አንተ ያለህ ፋሻ ብቻ ነው። ወጌሻ ጋ ሄደህ እንዳታሳሸው። የአጥንት ሐኪም ይየው፣ ያውም ከቅዳሜ በፊት።

ከዛሬው የኖርዌይ አጥቂ ከሃላንድና ከሶልሻየር ማን ይበልጣል?

ሃላንድ። ሶልሻየር ለኖርዌይ በ67 ጨዋታ 23 ጎል ነው ያለው። ምኑ ያከራክራል?